የሰፈር ጥያቄን ምክር ቤት ድረስ ማድረስ፦ ለሀዋሳ ነዋሪ የአሠራር መመሪያ

«ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተናገርን፣ ተጨበጨበልን፣ ከዚያ ጭጭ። አሁን ምን እናድርግ?» የሰፈራችን ልማት ኮሚቴ ጸሐፊ ስለሆንኩ ይህን ጥያቄ ባጃጅ ውስጥም፣ ለቅሶ ቤትም፣ እድር ላይም ይጠይቁኛል። አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

መልሱ ባጭሩ ይኸው፦ መድረክ ላይ የተነገረ ነገር አየር ላይ ይቀራል። ማመልከቻ ሆኖ መዝገብ ቤት ከገባ፣ ኮሚቴ ካየውና ቃለ ጉባኤ ላይ ከሰፈረ ግን የሚጠየቅበት ሰው ይኖራል። በምሳሌነት የተደፈነ የጎርፍ ቦይ ይዘን እንሂድ። ታቦር ተራራ ግርጌ ያላችሁ ሰዎች ክረምት ሲገባ ምን ማለቴ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ማን ምን ይሠራል?

ምክር ቤትና አስተዳደር አንድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደሉም። ምክር ቤት የተመራጮች ስብስብ ነው፤ ዕቅድና በጀት ያጸድቃል፣ ሪፖርት ይሰማል፣ ኃላፊዎችን ይጠይቃል። ጉባኤውን የሚጠራውና የሚመራው አፈ ጉባኤው ነው። ቦዩን የሚያስጠርገው ግን አስተዳደሩ ነው፤ ማለትም ከንቲባው፣ ካቢኔውና ማዘጋጃ ቤቱ። ቀበሌ ላይም እንደዚያው ነው። የቀበሌ ምክር ቤት አለ፣ አስተዳዳሪ አለ፣ ተቀጥሮ የሚሠራ የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ አለ። በቀበሌና በከተማው መሃል ደግሞ ክፍለ ከተማ አለ።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? የምክር ቤት አባል አካፋ የለውም። እሱን «ቦዩን አስጠርግልን» ብትሉት አንገቱን ነቅንቆ ይሄዳል። «የሚመለከተውን ኃላፊ ጉባኤ ላይ ጠይቅልን፣ አጀንዳ አስይዝልን» ካላችሁት ግን በእጁ ያለውን ሥራ ነው የጠየቃችሁት።

በምክር ቤቱ ሥር ቋሚ ኮሚቴዎች አሉ። የበጀትና ፋይናንስ፣ የሕግና አስተዳደር፣ የማኅበራዊ ጉዳይ፣ የመሠረተ ልማት እየተባሉ ይከፈላሉ፤ ስማቸው ከቦታ ቦታ ይለያያል። መስክ ወርደው የሚያዩትና ለጉባኤው የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርቡት እነሱ ናቸው። ጉባኤ ላይ ለአንድ አጀንዳ የሚሰጠው ጊዜ ትንሽ ነው። ነገሩ የሚበስለው ኮሚቴ ውስጥ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ማመልከቻ በሦስት ቅጂ (አንዱ ለቢሮው፣ አንዱ ለግልባጭ፣ አንዱ ለእናንተ)
- የፊርማ ቅጽ፦ ሙሉ ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ፣ ፊርማ። ገጹ አናት ላይ ጉዳዩ መጻፍ አለበት
- የተወካዮች መታወቂያ ፎቶ ኮፒ
- የታተሙ ፎቶዎች፣ ጀርባቸው ላይ ቀንና ቦታ የተጻፈባቸው
- ሜትር። ከሌላችሁ በእርምጃ ቆጥራችሁ «በግምት» ብላችሁ ጻፉ
- በእጅ የተሳለ የቦታ ንድፍ፦ ቦዩ ከየት ይነሳል፣ የት ይደርሳል፣ የቱ ጋ ተደፈነ
- ክላሰርና አንድ ደብተር። ደብተሩ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳለ የሚጻፍበት ነው

ደረጃ 1፦ ጉዳዩ የማን እንደሆነ ለዩ

ቦይ፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቆሻሻ ማንሳት፣ ገበያ፣ የአረንጓዴ ቦታ የከተማው ጉዳዮች ናቸው። የኤሌክትሪክ ቆጣሪና ትራንስፎርመር ግን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው፤ እሱ የፌዴራል ተቋም ስለሆነ የቀበሌ ምክር ቤት ሊያዘው አይችልም። ምክር ቤቱ ደብዳቤ ሊጽፍላችሁ ይችል ይሆናል፣ ከዚያ አያልፍም።

የግል ጉዳይም እዚህ አይገባም። የአጥር ድንበር ክርክር፣ የካርታ መዘግየት፣ የግብር ቅሬታ ያለው ሰው መጀመሪያ ወደሚመለከተው ቢሮ፣ ቀጥሎ ወደ ቅሬታ ሰሚ ይሂድ። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ ደግሞ ምክር ቤት አይነካውም። ይህን ሳይለዩ የሄዱ ሰዎች ወር ሙሉ ተመላልሰው «እኛን አይመለከትም» የሚል መልስ ይዘው ይመለሳሉ።

ደረጃ 2፦ ተመራጫችሁን አግኙ

ወደ ቀበሌ ሂዱና የምክር ቤቱን ጸሐፊ «የእኛ ቀጠና ተወካይ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ከ2005ቱ የአካባቢ ምርጫ ወዲህ ሰፈር የቀየረም፣ ሥራ የቀየረም፣ በሕይወት የሌለም ስላለ የድሮ ስም ይዛችሁ አትዙሩ። አሁን ጉባኤ የሚገባውን ሰው ነው የምትፈልጉት።

ሁለት ነገር ጠይቁት። የሚቀጥለው መደበኛ ጉባኤ መቼ ነው? አጀንዳ የሚዘጋውስ መቼ ነው? ሁለተኛው ይበልጣል። የጉባኤው ቀን ሲሰማ አጀንዳው ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ አልቋል።

የቀበሌ ምክር ቤት አባል ደሞዝተኛ አይደለም። የራሱ ሱቅ ወይም ሥራ አለው። ሲመሽ ወይም ቅዳሜ ሂዱ፣ ወረቀቱን አዘጋጅታችሁ ስጡት። እሱ ቁጭ ብሎ እንዲጽፍላችሁ አትጠብቁ።

ደረጃ 3፦ ሰፈሩን ሰብስቡ፣ ቃለ ጉባኤ ያዙ

አንድ ሰው ሲጠይቅ «የእገሌ ጉዳይ» ይባላል። ሰላሳ ቤት ሲጠይቅ የሰፈር ጉዳይ ይሆናል። እድር በሚሰበሰብበት ቀን ሩብ ሰዓት ለምኑ፤ ሰው በዚያው ተሰብስቦ ስለሚገኝ ሌላ ቀን አታስወጡት። ሦስት ተወካይ ምረጡ፣ አንዷ ሴት ትሁን። ጎርፍ ቤት ሲገባ ዕቃ የሚያነሳው፣ ልጅ የሚያሸሸው ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ኮሚቴ ፊት ስትናገር የምትደመጠውም ያቺው ናት።

ቃለ ጉባኤው ላይ ቀን፣ ቦታ፣ የተገኘው ሰው ብዛት፣ አጀንዳ፣ ውሳኔ፣ የተወካዮች ስም ይኑር። አንድ ገጽ ይበቃል። ይህ ወረቀት ከሌለ ቢሮ ስትሄዱ «እናንተን ማን ወከላችሁ?» ትባላላችሁ፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው።

ደረጃ 4፦ ማመልከቻውን ጻፉ

ከአንድ ገጽ አይለፍ። ምሬት ቀንሱ፣ ልክና ቦታ ጨምሩ። እንዲህ ማለት ትችላላችሁ፦

ቀን፦ ……
ለ…… ቀበሌ ምክር ቤት ጽ/ቤት
ሀዋሳ
ጉዳዩ፦ የተደፈነ የጎርፍ ቦይ እንዲጠረግና ክዳን እንዲሠራለት ስለመጠየቅ
እኛ ስማችንና ፊርማችን የተያያዘው የ…… መንደር ነዋሪዎች፣ ከ…… እስከ …… ያለው በግምት 120 ሜትር የሚሆን የጎርፍ ቦይ በደለልና በቆሻሻ በመደፈኑ ክረምት በገባ ቁጥር ውሃ ወደ ቤታችን እየገባ ተቸግረናል። ስለዚህ፦ 1ኛ. ቦዩ ከመጪው ክረምት በፊት እንዲጠረግ፤ 2ኛ. የክዳኑ ሥራ በሚቀጥለው የበጀት ዓመት ዕቅድ እንዲያዝ፤ 3ኛ. ጉዳያችን በምክር ቤቱ አጀንዳ ሆኖ እንዲታይና ውሳኔው በጽሑፍ እንዲገለጽልን በትህትና እንጠይቃለን። በእኛ በኩል ለጠረጋው ጉልበት ለማዋጣት ተስማምተናል።
ግልባጭ፦ ለ…… ክፍለ ከተማ አስተዳደር ጽ/ቤት

ጥያቄው ለምን ሦስት ቦታ ተከፈለ? ጠረጋው ዘንድሮ ባለው ሰውና በጀት ሊሠራ ይችላል። ክዳኑ ግን የካፒታል በጀት (ለግንባታ ሥራ ተለይቶ የሚያዝ ገንዘብ) ይፈልጋል፣ ዕቅድ ውስጥ ካልገባ አይታሰብም። አንድ ላይ ቀላቅላችሁ ከጠየቃችሁ «በጀት የለም» የምትለዋ ቃል ሁለቱንም ትበላቸዋለች። ሦስተኛው ደግሞ በኋላ መልስ ለመጠየቅ መያዣችሁ ነው።

ስለ ቋንቋው፦ የሲዳማ ክልል የሥራ ቋንቋ ሲዳምኛ ነው። ሀዋሳ ከተማ ውስጥ ግን አማርኛ በሰፊው ይሠራበታል። ቢሆንም ከመጻፋችሁ በፊት መዝገብ ቤቱን ጠይቁ። በሁለቱም ቋንቋ ብታዘጋጁ ደግሞ ማንም «ይተርጎም» ብሎ አያቆየውም።

ደረጃ 5፦ መዝገብ ቤት አስገቡ

ብዙ ጥያቄ የሚሞተው እዚህ ነው። መስኮቱ ጋ ስትደርሱ «ወረቀቱን አስቀምጡትና ሂዱ፣ አለቃ ሲመጣ ያየዋል» ትባሉ ይሆናል። አትጣሉ። በለሰለሰ አፍ «እሺ እህቴ፣ ብቻ ገቢ አድርጊልኝና እኔ ጋ በሚቀረው ላይ ቁጥሩንና ቀኑን ጻፊልኝ» በሏት። የገቢ ቁጥርና ቀን በቅጂያችሁ ላይ ካልሰፈረ፣ ማህተሙም ካላረፈ ማመልከቻው እንዳልገባ ቁጠሩት። ነገ ተነገ ወዲያ «ጠፋ» ቢባል በምን ትከራከራላችሁ?

ማህተም የያዘችው ልጅ ሻይ ወጥታ ከሆነ ጠብቋት። ትመጣለች።

ከዚያ ቁጥሩን በስልካችሁ ፎቶ አንሱና ለተወካዮቹ በቴሌግራም ላኩ። የአንድ ሰው ክላሰር ውስጥ ብቻ አይቅር።

ደረጃ 6፦ ኮሚቴው ጋ ተከታተሉ

ማመልከቻው ወደ የትኛው ቋሚ ኮሚቴ እንደተመራ ጠይቁና ሰብሳቢውን አግኙ። ዓላማችሁ አንድ ነው፤ መጥተው እንዲያዩት። ሲመጡ ሦስቱ ተወካዮች ብቻ ተቀበሏቸው። ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ቢጮህ የመስክ ጉብኝቱ ወደ ስብሰባ ይለወጥና ቦዩን ሳያዩ ይመለሳሉ። ከተደፈነው ቦታ ጀምሩ፣ ግድግዳ ላይ ውሃው የደረሰበትን መስመር አሳዩ፣ ንድፉን እጃቸው ላይ ስጡ። ኮሚቴው ሪፖርት ሲጽፍ የእናንተን ልክ መገልበጡ አይቀርም፤ ስለዚህ ልኩን አታጋኑ። 120ውን 300 ያላችሁ ቀን ሌላው ቃላችሁም አይታመንም።

ደረጃ 7፦ የበጀት ዓመቱን ተከተሉ

የመንግሥት በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ሰው ግን የሚናደደው በሐምሌና በነሐሴ፣ ውሃው ቤት ሲገባ ነው። ያኔ የአዲሱ ዓመት ዕቅድ ተሠርቶ አልቋል። «ለሚቀጥለው እናያለን» የሚባለው ሁሉ ሰበብ አይደለም፤ አንዳንዴ እውነትም ረፍዷል።

ስለዚህ ሥራውን እንዲህ ከፋፍሉት፦

- ሐምሌና ነሐሴ፦ ፎቶ አንሱ፣ ቀን ጻፉ፣ የተበላሸ ዕቃ መዝግቡ።
- መስከረምና ጥቅምት፦ ሰፈሩን ሰብስቡ፣ ማመልከቻ አስገቡ።
- ከኅዳር እስከ የካቲት፦ ኮሚቴውን መስክ አምጡ። የጠረጋውን ጥያቄ በዚህ ጊዜ ግፉበት፣ ምክንያቱም በልግ ሲገባ ዝናቡ ይጀምራል።
- ከመጋቢት እስከ ግንቦት፦ የዕቅድና የበጀት ውይይት ሲጠራ አትቅሩ። የክዳኑ ጥያቄ ረቂቁ ውስጥ መኖሩን የምትጠይቁት እዚህ ነው።
- ሰኔ፦ ቢሮው ሒሳብ መዝጋት ላይ ነው። አዲስ ነገር ይዛችሁ አትሂዱ።

ደረጃ 8፦ ሕዝባዊ መድረክ ላይ ተናገሩ

የምክር ቤት ጉባኤና ሕዝባዊ መድረክ ይለያያሉ። ጉባኤ ላይ የሚናገሩትና እጅ የሚያወጡት አባላት ናቸው፤ ነዋሪ ቢታደምም ድምፅ አይሰጥም። ለመታደም ከፈለጋችሁ አስቀድማችሁ የምክር ቤቱን ጽ/ቤት አነጋግሩ። ምልአተ ጉባኤ፣ ማለትም ለመወሰን የሚበቃ የአባላት ቁጥር፣ ካልተሟላ ጉባኤው ወደ ሌላ ቀን ይተላለፋል፣ ስለዚህ ከሥራ ፈቃድ ከመውሰዳችሁ በፊት ደውሉ።

ሕዝባዊ መድረክ ግን ለእናንተ የተጠራ ነው። ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ታገኛላችሁ። «በመጀመሪያ ይህን መድረክ ላመቻቸልን…» ብሎ የጀመረ ሰው ጥያቄው ላይ ሳይደርስ ሰዓቱ ያልቃል። እንዲህ በሉ፦

«ስሜ እገሌ ነው፣ የእገሌ መንደር ነዋሪ ነኝ። በጥቅምት በዚህ ቀን፣ በዚህ ቁጥር ያስገባነው የቦይ ማመልከቻ አለ። ጥያቄዬ፦ የት ደረሰ? መልስ የሚሰጠን ማን ነው? መቼ?»

ይኼው ነው። ተቀመጡ። መድረክ መሪው ጥያቄዎችን ሰብስቦ በጅምላ ሲመልስ የእናንተን ከዘለለ እጃችሁን አውጡና ቁጥሩን ብቻ ድገሙ። መልሱን ከነቀኑ ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከስብሰባው በኋላ ቃለ ጉባኤ የያዘውን ሰው «የእኛ ጥያቄ ገብቷል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ካልገባ እዚያው ቆማችሁ አስገቡት።

ደረጃ 9፦ መልስ ከጠፋ

መጀመሪያ የማስታወሻ ደብዳቤ ጻፉ። አዲስ ማመልከቻ አትጻፉ። «በቁጥር ይህን ያህል፣ በቀን ይህን ያህል ያስገባነውን» ብላችሁ ጀምሩ። አዲስ ከጻፋችሁ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል።

ቀጥሎ መረጃ ጠይቁ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት ቢሮ መረጃ የመጠየቅ መብት አለው፤ የሚመለከተው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት። በሕግ የተከለከሉ የመረጃ ዓይነቶች አሉ። የጎርፍ ቦይ በጀት ግን ምሥጢር አይደለም። የምትጠይቁትን ለይታችሁ ጻፉ፦ «የዚህ ዓመት የጎርፍ ቦይ ጥገና በጀት ስንት ነው፣ የትኞቹ መንደሮች ተይዘዋል?» ከመጻፋችሁ በፊት የቢሮውን የማስታወቂያ ሰሌዳ እዩ። በጀትና ወጪ የሚለጥፉ ቢሮዎች አሉ፤ ሰው ነው ቆሞ የማያነብ።

ከዚያ በኋላም ዝም ከተባላችሁ ከቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ከተማው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ጽ/ቤት በቅደም ተከተል ውጡ። የአስተዳደር በደል ከሆነ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሀዋሳ ላይ ቅርንጫፍ አለው። እዚያም መጀመሪያ የምትጠየቁት «ለሚመለከተው ቢሮ አመልክታችኋል ወይ?» ተብላችሁ ነው። ደረጃ 5 ላይ ያገኛችሁት ማህተም እዚህ ዋጋውን ያወጣል።

ማስጠንቀቂያ

የስም መመዝገቢያ ወረቀት። ስብሰባ በር ላይ የሚዞረውን ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ። አናቱ ላይ «የተሳታፊዎች ስም ዝርዝር» ካለ መገኘታችሁን ነው የምትፈርሙት። ባዶ ከሆነ ግን በኋላ ምን እንደሚጻፍበት አታውቁም። ለኮብልስቶን ወይም ለሌላ ልማት መዋጮ የሚወሰንበት ስብሰባ ከሆነ ያ ፊርማ ከቃለ ጉባኤው ጋር ተያይዞ «ተስማምተዋል» ሊባልበት ይችላል። አናቱ ባዶ ከሆነ አንድ መስመር ራሳችሁ ጻፉበት፦ «በስብሰባው መገኘትን ብቻ የሚያረጋግጥ»። ማንም አይቆጣም። ቢቆጣ ደግሞ ያኔ በደንብ ማንበብ ያስፈልጋል። በውሳኔው ካልተስማማችሁ ተቃውሟችሁ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር ጠይቁ።

ገንዘብ። መዋጮ ከተሰበሰበ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ አይግባ። በኮሚቴው ስም፣ ቢያንስ በሁለት ሰው ፊርማ የሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ለእያንዳንዱ ብር ደረሰኝ ስጡ። ሰፈርን የሚበትን ቦይ አላየሁም፣ የሚበትን መዋጮ ግን አይቻለሁ።

ስም ማጥፋት። ማስረጃ የሌለውን ክስ ሰው በተሰበሰበበት አትናገሩ፣ ፌስቡክ ላይም አትለጥፉ። ክስ ይመጣባችኋል፤ ቦዩም ይረሳል።

ቀረጻ። ስብሰባ በስልክ ለመቅዳት ከፈለጋችሁ መድረክ መሪውን አስፈቅዱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

- ለአምስት ቢሮ በአንድ ቀን ማመልከት። ሁሉም «ሌላው ይዞታል» ብሎ ያስቀምጠዋል። ለአንዱ ጻፉ፣ ለሌላው ግልባጭ አድርጉ።
- አንድ ማመልከቻ ላይ ቦይ፣ መብራት፣ ውሃና የወጣት ሥራ አጥነት መደርደር። ለየትኛው ኮሚቴ ይመራ? የትም ሳይመራ ይቀራል።
- በቃል የተሰጠ ተስፋ ይዞ መቀመጥ። «በሚቀጥለው ወር እንጀምራለን» ከተባላችሁ በማግስቱ «በዚህ ቀን በተሰጠን መልስ መሠረት» ብላችሁ አጭር ደብዳቤ አስገቡ። ያኔ ቃሉ ወረቀት ይሆናል።
- የሚያውቁትን ሰው ይዞ በጓሮ በር መግባት። ሰውየው ሲዛወር ጉዳዩም አብሮት ይዛወራል።
- ቦዩ ከተጠረገ በኋላ ፋይሉን መጣል። ክዳኑ ገና ነው። ማን እንደጠረገው፣ መቼና ስንት ሜትር እንደሆነ ጽፋችሁ ክላሰሩ ውስጥ አስቀምጡት፤ በመጋቢት የዕቅድ ውይይት ላይ ይዛችሁት ትገባላችሁ።